ወደ ታችኛዋ ከተማ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሳይሻልሽ ሥራ ገባሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ትንሹ ጥርስ ማብቀሉን በስልክ ስትነግሪኝ አባባ አጠገቤ ነበሩና፣ "እንግዲህ ሰው መንከስ ጀመረ በሉኛ፣ በእናቱ ወጣ" ብለው ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የሚያስቸግረን ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ግር ሳይልሽ አይቀርም። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንዴ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንዴ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይሆን እኔው ራሴ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞርኩት። በወረቀት ሲሆን ድምፅሽ ሲቀየር ስለማልሰማ ይቀለኛል።

የምሠራበትን ወርክሾፕ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ሠራሽ እግር የምንሠራበትን። አንድ ጊዜ መጥተሽ ከጀሶው አቧራ የተነሳ ስታስነጥሺ ውለሽ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን እግሮች አይተሽ "እዚህ ብቻዬን እንዳትተዪኝ" ያልሽበት ነው። አሁን ከኛ ወደ ታች ባለችው ከተማ ያለው ሆስፒታል የራሱን ወርክሾፕ ሊከፍት ነው። መጥተሽ ምሪው የተባልኩት እኔ ነኝ። ከደቡብ ወደ ደቡብ ስለሆነ ለሰሚው ጎረቤት ቤት እንደ መሄድ ነው። በአውቶቡስ ግን ጎህ ሲቀድ ወጥተሽ የምትደርሺው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ እሱም መንገዱ ከቀናሽ።

ደስ አላለኝም ብል ውሸታም ነኝ። ከዚያ የሚመጡትን ታካሚዎች በየዓመቱ አያቸዋለሁ። መሄድ የቸገረውን ሰው ነው እኮ ያን ሁሉ መንገድ የምናስመጣው! ልጆቹ ደግሞ ይብሳሉ። ልጅ ያድጋል፣ የሠራሁለት እግር ግን አያድግም፤ ስለዚህ በጠበባቸው ቁጥር ይመለሳሉ። አንዲት ልጅ አለች፣ ስትወለድም ግራ እግሯ ከጉልበት በታች አልነበረም። "ፈጣኗ" ነው የምንላት፤ ልኳን ስወስድ እንኳ አርፋ አትቀመጥም። እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ይዟት የሚመጣው አባቷ ነው። አናጢ ነው። ኮሪደር ላይ መጠበቅ ሲሰለቸው የተሰበረ ነገር ይፈልጋል። የታካሚዎቹን አግዳሚ ወንበር የጠገነልን እሱ ነው። የእኔንም መሳቢያ አስተካክሎልኛል። ባለፈው ሲመጣ ደግሞ የኛን የቤት በር፣ ያን ክረምት ሲገባ አብጦ አልዘጋም የሚለውን፣ አውልቆ ልጎት... ምን አለፋሽ፣ ስለ ልጅቷ ልነግርሽ ነበር የጀመርኩት።

ብቻ ሥራውን አልፈልግም አልኩ። አለቃዬ፣ ያቺ ወፍራም መነጽር የምታደርገው ሴትዮ፣ "እስቲ አስቢበት" አለችኝ። አስቤ ጨርሻለሁ አልኳት። አባባን የት ጥዬ ልሂድ? ወንድምሽ ካረፈ ወዲህ እሳቸውና እኔ ነን። ጠዋት መድኃኒታቸውን እኔ አቀብላቸዋለሁ፤ ማታ ሳመሽ እሳቸው በር ከፍተው ይጠብቁኛል። ዕድሜ ልካቸውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ ሰው፣ አሁን ከደጃፍ እስከ አስፋልቱ ለመድረስ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅባቸው የሰፈሩ ወጠጤ "ቱርቦ" ይላቸዋል። ሲሰሙ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ታዲያ በዚህ ዕድሜያቸው ከለመዱት ቤት ልንቀላቸው? ወይስ ትቻቸው ልሂድ?

እሳቸው ምንም አያውቁም ነበር። አንድ ቅዳሜ እኔ ጓሮ ልብስ ሳጥብ አለቃዬ ደወለችና ስልኩን አባባ አነሱት። የሚያውቁ መስሏት ሁሉንም ነገረቻቸው። ከዘራቸውን እየቆረቆሩ ወደ ጓሮ መጡና፣ "ለእኔ ብለሽ ነው የቀረሽው?" አሉኝ። ልብሱን ማሸቴን ቀጠልኩ። "እኔን ፍሬን አታድርጊኝ። መሄድ ካልፈለግሽ ራስሽ አልፈልግም በይ!" አሉ። አባትሽ ሲቆጡ እንደማያውቁ ታውቂያለሽ። እጄ ላይ ያለው አረፋ እስኪደርቅ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ቀን ያህል ከ"እንደምን አደርሽ" ሌላ አላናገሩኝም። ከዚያ ቁርስ ላይ ሳለን፣ "ሄደን ከተማዋን እንያት። አይተሽ እምቢ ብትዪ ሁለተኛ አላነሳብሽም" አሉኝ።

ሄድን። ከሾፌሩ ጀርባ ካልሆነ አልቀመጥም አሉ። ዳገቱን ስንጀምር "ማርሽ ቀይር፣ ኧረ ቀይር የኔ ልጅ" እያሉ ያንሾካሽካሉ። ሾፌሩ ብዙ ከታገሠ በኋላ በመስታወት አይቷቸው፣ "አባቴ፣ ከፈለጉ ቦታ እንለዋወጥ" ሲላቸው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያማ ወዳጅ ሆኑ፤ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ሲያወሩ ደረስን።

መናኸሪያው በር ላይ አናጢው ልጁን ይዞ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። በምን አወቀ እንዳትዪኝ፤ ስለ ልጅቷ እግር አንዳንዴ ይደውላል። ልጅቷ ሮጣ መጥታ የአባባን እጅ ያዘች። እንዴት ቀስ ብለው እንደሚራመዱ ስታይ እሷም ቀስ አለች፤ ፈጣኗን እንዲያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም። ጥቂት ሄደው፣ "የእርስዎም እግር ጠቦዎት ነው እንዴ?" አለቻቸው። "የለም ልጄ፣ የኔስ አርጅቶ ነው" አሏት። ወደ እኔ እየጠቆመች፣ "ታዲያ ምን ቸገረዎት? እሷ ሌላ ትሠራልዎታለቻ!" አለቻቸው።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ አባባ ከአናጢው ጋር እሱ በሚሠራበት ቤት ቀሩ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መስኮቶቹ ወደ ግቢው ይከፈታሉ። ፕላስቲኩን የምናሞቅበት ምድጃ ገና ከሳጥኑ አልወጣም። ቧንቧ አለ፣ ውኃ የለም። ሥራ አስኪያጁ "በቅርቡ ይመጣል" አለኝ፤ የዚህን "በቅርቡ" ዕድሜ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን እህቴ፣ ክፍሉ መሐል ቆሜ ምን ስል ራሴን እንደሰማሁ ታውቂያለሽ? "ይህ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ይሁን። እዚያ ጋ ደግሞ ልጆቹ መራመድ የሚለማመዱበትን ብረት እንተክላለን" እላለሁ። ሰውየው ይጽፋል። እሺ ሳልል እሺ ብዬ ነበር።

ስመለስ አባባና አናጢው በእንጨት ፍቅፋቂው መሐል ተቀምጠዋል። የአባባ ዓይን ቀልቷል። የእንጨቱ ብናኝ መሰለኝ። አናጢው ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

ስንመለስ አባባ ሾፌሩን አልተቆጣጠሩም። መስኮት መስኮቱን እያዩ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ "ስለ ልጄ ጠየቀኝ" አሉ።

ማን ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ አናጢው መሆኑን አውቄያለሁ።

"ሰው እንዳላዝን ብሎ ስሙን አይጠራብኝም" አሉኝ። "አንቺ ለእኔ ብለሽ አትጠሪም፣ እኔ ላንቺ ብዬ አልጠራም። ይሄ ሰውዬ ግን፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ቁጣውን፣ ሳቁን፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ላይ የሚጋደመውን። መጀመሪያ እየላገ ነበር የሚሰማኝ። በኋላ መላጊያውን አስቀምጦ ሰማኝ።"

ከዚያ ከተማችን እስክንገባ ስለ ወንድምሽ አወራን። እሳቸው አንድ ያነሳሉ፣ እኔ አንድ አነሳለሁ። ኩሽና ውስጥ ሆኖ የሚዘፍነውን ዘፈን፣ ግጥሙን ሁልጊዜ እየሳተ፣ አስታውሼ ስዘፍንላቸው ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ሁለታችን እንባችን እየወረደ ስንስቅ አይታ ግራ ገባት። ስንቱን ነገር በዝምታ ቆልፈንበት ኖረናል!

በነጋታው መድኃኒታቸውን ሳቀብላቸው፣ "ብሄድ አብረውኝ ይመጣሉ?" አልኳቸው። ውኃውን ጠጥተው ብርጭቆውን አስቀመጡ። "እመጣለሁ" አሉኝ። "ግን አማት ሆኜ አልከተልሽም። አባት ሆኜ ነው የምመጣው። እዚያ ስንደርስ አንቱ ማለትሽንም ትተዪኛለሽ። ልዩነቱ ይገባሻል?" ገብቶኛል አልኳቸው። ወጥቼ ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። አፌ ግን አንቱን ገና አልተወም፤ ይኸው ላንቺም ስጽፍ እንዳየሽው።

ለአለቃዬ እሺ ብያታለሁ። የወሩ መጨረሻ ላይ እንነሳለን። ቤቱን የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ትይዘዋለች፤ ያንቺን ክፍል ግን እንዳለ ትተናል። የአባባን ሐኪም ጠይቄያለሁ፣ የዚያኛው አየር ለደረታቸው ይሻላል ብሎኛል።

ስለዚህ ስለ ሥራው ፈቃድሽን አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ነው የጠፋኝ። ማንም ምንም አላለኝም፣ እኔም ለማንም ምንም አላልኩም፤ እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ እንጨትና ስለ እግር ብቻ ነው። ግን አንቺ የባሌ እህት ነሽ፤ ከማንም በፊት እንድትሰሚው የምፈልገው አንቺ ነሽ። ቅር ካለሽ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ቅር ካላለሽም ጻፊልኝ። ወንድምሽን ከልቤ አላወጣሁትም፤ እንዲያውም አሁን ነው ስሙን ጮክ ብዬ መጥራት የቻልኩት።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ። ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ትንሹንም ጉንጩን ሳሚልኝ፤ እንዳይነክስሽ ብቻ ተጠንቀቂ።

ሁልጊዜ የምትወድሽ
እህትሽ

አባባ ሰላም በያት ብለዋል። "በሚቀጥለው ስትመጣ ደህና ቀሚስ ይዛ ትምጣ፣ ብለሽ ጻፊላት" አሉኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት።