እዩኤል ደኅና የነበረበት ክረምት

አሶሳ
የካቲት 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀምዲያ
ጉባ

የማከብርሽ፣ ዘወትር ውል የምትይኝ ሀምዲያ፣ ከልጆችሽ ጋር እንደምን ከርመሻል? አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሰላምታ ልኬልሽ አላውቅም። ዛሬም የላክሁት ደፍሬ ነው። ስሜን ሰምተሽ “አታንብብልኝ” ብትዪ አልፈርድብሽም፤ ግን እስከ መጨረሻው እንድታደምጪኝ እለምንሻለሁ።

ወንድሜ ጁምዓ፣ ይህን ለሚስትህ የምታነብላት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር ለሥልጠና ተጠርተህ አሶሳ አልነበርክም። ያደረግኩባትን ነግራህ እንደሆነ አላውቅም። ጠባይዋን ስለማውቀው ግን የነገረችህ አይመስለኝም። ስለዚህ ላንተም እንዲገባህ ከመጀመሪያው ልጻፈው። የሚያስቆጣህ ቦታ ስትደርስ እባክህ ዘለህ አትለፍ፤ እንዳለ አንብብላት።

ደብዳቤውን የያዘው የግብርና ቢሮው ሾፌር ኢዘዲን ነው። በአንድ ክልል እየኖርን፣ አባይ መሃላችን ስለገባ በአዲስ አበባና በጎጃም ዞሮ ነው ጉባ የሚደርሰው። አንዳንዴ መንገዱ ቅርብ ቢሆን ኖሮ ራሴ እመጣ ነበር እላለሁ። ውሸቴን ነው። ፊትሽን አይቼ ይህን መናገር አልችልም ነበር።

እዩኤልን ታስታውሺዋለሽ፤ የመጀመሪያ ልጄን። ለገሰ ያኔ ዳቦ ቤቱን የከፈተው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነበር። ከወሎ በሰፈራ የመጣን ድሆች ነንና፣ ልጃችን ስንዴ ዳቦ እየበላ ማደጉ ለሁለታችንም ትልቅ ነገር ነበር። ለገሰ ፉርኖው ከምድጃ ሲወጣ ለስላሳውን ከመሃል ገምሶ፣ በወተት እያራሰ ያጎርሰው ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሆዱ ተበላሸ። ጤና ጣቢያ አንዴ አሜባ ነው አሉን፣ አንዴ ጃርዲያ፣ አንዴ ወስፋት። ጠበልም ወሰድኩት። ሆዱ እየተነፋ እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጠነ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሲቀመጥ የሚያመው ልጅ ነበር፤ መቀመጫው ላይ ሥጋ አልነበረውም።

በ1986 ሐምሌ ለመምህራን የክረምት ሥልጠና ነቀምት ተጠራሁ። ካልሄድኩ ማስተማሩን ልለቅ ነው። ለገሰ ከምድጃው አይለይም። የዚያን ቀን በአጥሩ በኩል ብቅ ብለሽ፣ “ልጅ ለኔ ስጪ። ከልጆቼ ጋር ይበላል፣ ይተኛል። አንቺ ተማሪ” አልሽኝ። ሰጠሁሽ።

ጳጉሜን ላይ ስመለስ ቤቴ እንኳ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ግቢሽ መጣሁ። አራት ልጆች ይሯሯጣሉ። ከመሃላቸው አንዱ እዩኤል መሆኑን ያወቅኩት በካናቴራው ነው። ጉንጩ ሞልቷል፣ የተነፋው ሆዱ ጎድሏል፣ ይስቃል። ስሙን ስጠራው ቀና ብሎ አየኝና ሄዶ የተከናነብሽው ቶብ ሥር ገብቶ ተሸሸገ። አንቺ ሳቅሽ። “እናትህ ናት! ሂድ!” እያልሽ ወደኔ ገፋ ገፋ አደረግሽው። በክፋት የሳቅሽ አልነበረም።

“ምን አበላሽው?” ስልሽ፣ “የኛ ምግብ ነዋ። ማሽላ ገንፎ፣ ባሚያ፣ የፍየል ወተት። ሌላ ምን አለኝ?” አልሽ።

አመሰገንኩሽ። በአፌ።

ለገሰ፣ “የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ማሽላ ላይ ከረመ!” እያለ እየሳቀ ተቀበለውና ያንኑ ፉርኖውን አጎረሰው። በሦስተኛው ሳምንት ተቅማጡ ተመለሰ። ልጄ አጥሩ ሥር እየሄደ ቁጭ ይልና ስምሽን ይጣራ ነበር። በትክክል እንኳ አይለውም፤ “አምዲ፣ አምዲ” ነበር የሚለው። ያንን መስማት አቃተኝና የአጥሩን ሽንቁር በእሾህ አስደፈንኩት።

ጥቅምት ላይ ገንፎ በሳህን ይዘሽ መጣሽ። ያልሽኝን አልረሳሁትም። “ሸዋሉል፣ ልጅ እኔ ቤት ደኅና ነበር። ወላሂ ደኅና ነበር። አንድ ወር ስጪኝ። ሲሻለው ውሰጂ፤ ልጅ ያንቺ ነው።” ሳህኑን ተቀብዬ ገንፎውን እዚያው ደጃፌ ላይ፣ እግርሽ ሥር ደፋሁት። ጁምዓ፣ ይህን ነው ዘለህ አትለፍ ያልኩህ።

በማግስቱ ቦኖው ጋ ሴቶቹ በተሰለፉበት፣ “ሀምዲያ ልጄን አስነክታብኛለች፤ የሷን እንጂ የእናቱን ቤት እንዳይወድ አድርጋዋለች” ብዬ ጮህኩ። አንቺ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ቆመሽ ነበር። ባዶ ጄሪካንሽን አንስተሽ ሄድሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ልጁን ወደ ግቢሽ መላክ ፈራ።

እዩኤል ጥር 14 ቀን አረፈ። የመጨረሻ የለመነኝ ዳቦ በሻይ ነበር። ነክሬ በእጄ ሰጠሁት።

ለቅሶ ስትመጪ ሰዎች ደጃፍ ላይ መለሱሽ። ውስጥ ሆኜ ድምፅሽን ሰምቻለሁ። “ተዉአት፣ ትግባ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ከሁለት ወር በኋላ ጁምዓ ጉባ ተመደበና ዕቃችሁን ጫናችሁ። መኪናው ሲሄድ በመስኮት አይቼ መጋረጃውን መለስኩት።

አሁን የምጽፍበትን ምክንያት ልንገርሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ ፍሬሕይወት ትባላለች። ጡት ብቻ እያለች ደንዳና ነበረች። ዓመቷን አልፋ ጥቂት ወራት እንደቆየች አንድ ቀን ጨርቋን ስቀይርላት የሸተተኝ ሽታ የእዩኤል ነበር። እዚያው መሬት ተቀመጥኩ። እንደገና ያው መድኃኒት፣ ያው ጠበል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ሰባት ኪሎ ነበር የምትመዝነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሐኪም ከመሃል አገር ተመድቦ መጣ። ወንድሟም እንዲህ ሆኖ እንደሞተ ስነግረው መጻፉን ትቶ ሰማኝ። “ይህ እዚህ አይታወቅም” ብሎ አዲስ አበባ ለአንድ የሕፃናት ሐኪም ጻፈልኝ።

ዶክተር በቃሉ ይባላሉ፤ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ፣ “ምን ትበላለች?” ብለው ነው። እኔም እየኮራሁ፣ “ዳቦ ቤት አለን፤ ዳቦ ጎድሎባት አያውቅም” አልኳቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦ “የጠረጠርኩት ነገር አለ። ስንዴና ገብስ የማይስማማው አንጀት ይኖራል። ግን እስክንመረምራት ዳቦውን እንዳታቋርጪባት። ካቋረጠች ምርመራው በሽታውን አያሳየንም።”

ሀምዲያ፣ የመመርመሪያው ተራ እስኪደርሰን አሥራ ሁለት ቀን ጠብቀናል። አሥራ ሁለት ቀን፣ ምናልባት ልጄን የሚገድላት ይህ ነው እያልኩ፣ ዳቦ እየቆረስኩ አጎረስኳት። እሷ አፏን ትከፍታለች፤ ምን ታውቃለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አስተኝተው በጉሮሮዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡና ከአንጀቷ ቅንጣት ቆርጠው ወሰዱ። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ቆየ።

ሴሊያክ ይባላል አሉኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ባለው ነገር ሰበብ የገዛ ሰውነቷ አንጀቷን ያቆስለዋል፤ የበላችው አይጠቅማትም። መድኃኒቱ አለመብላት ብቻ ነው።

“እስከ መቼ?” አልኳቸው።

“ዕድሜዋን ሙሉ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ትብላ። እነሱ አይነኳትም።”

ልወጣ ስል ስለ እዩኤል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንድ ክረምት ተሽሎት እንደነበረም ነገርኳቸው። እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። “ያኔ የት ነበር?” “ጎረቤት ቤት።” “ምን እየበላ?” “ማሽላ።” እሳቸውም፣ “ያቺ ሴት ሳታውቀው አክማው ነበር” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያሉኝን አልሰማሁም። ኮሪደሩ ላይ ልጄን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ የማላውቃት ሴት ውኃ አመጣችልኝ።

ከሐምሌ ጀምሮ ማዕዳችን ላይ ስንዴ የለም። ሲያወሩት ቀላል ነው። ወፍጮ ቤት ከስንዴ በኋላ የተፈጨ ማሽላ ያው ስንዴ ገብቶበታል ስላሉኝ እቤት በድንጋይ እፈጫለሁ። ጤፉንም ገብስ እንዳይኖርበት ራሴ እለቅማለሁ። ቆሎ የዘገነላትን፣ ብስኩት የሰጣትን ሰው ሁሉ እጣላለሁ፤ ሰፈሩ አብዳለች ይለኛል። ቁርባኑም የስንዴ ነው። ቄሱን ሄጄ ስጠይቃቸው፣ “ጠይቄ እነግርሻለሁ” አሉኝ፤ እስካሁን አልነገሩኝም። እሑድ ሌሎቹ ልጆች ሲቆርቡ ይዣት ከኋላ እቆማለሁ።

ለገሰ መጀመሪያ አላመነም። “ዳቦ ሰው ገድሎ ያውቃል?” ይል ነበር። መስከረም ላይ እሱ እያየ፣ ልጅቷ ከዳቦ ቤቱ ባንኮኒ የወደቀ ግማሽ ፉርኖ አንስታ በላች። አልከለከላትም። ሳምንት ሙሉ ስታስመልስና ሲያስቀምጣት ተሸክሟት የዋለው እሱ ነው። ሲሻላት ዱቄቱን ጆንያ በጆንያ ከግቢ አወጣ፤ ምድጃውን አፈረሰ። አሁን ገበያው ጋ ተከራይቶ ነው የሚጋግረው። ሲመጣ ደጅ ታጥቦ ልብሱን ሳይቀይር አይስማትም። አንድ ቀን እየታጠበ፣ “ሸዋሉል፣ ለስላሳ ለስላሳውን እኮ እየመረጥኩ ነበር” አለኝ። ስለ ማን እንደሚናገር ገባኝ። ፎጣውን ሰጥቼው ገባሁ።

ፍሬሕይወት አሁን አሥራ አንድ ኪሎ ሆናለች። ጸጉሯ ጠቁሯል። ትዘፍናለች። ሰው “እልል በይ እንጂ” ይለኛል። እሷ አንድ ኪሎ በጨመረች ቁጥር እኔ መቃብር ስፍራ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቦኖው ጋ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ቆሜ ተናገርኩ። ሀምዲያ ልጄን አላስነካችም፤ ልጄ የዳነው በእሷ እጅ ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከባምባሲ የመጡት እማማ ደጊቱ ብቻ መለሱልኝ። “ለኛ ምን ያደርግልናል? የሰደብሽው እሷን ነው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ።

ሁሉም “አላወቅሽም እኮ” ይለኛል። ሐኪሙም፣ ለገሰም፣ የንስሐ አባቴም። እኔም አዎ እላለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽም። የበሽታውን ስም አላውቅም ነበር። አንቺ ቤት ደኅና እንደሚሆን ግን አውቅ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ገንፎውን ይዘሽ የመጣሽ ዕለት፣ አንድ ወር ብሰጥሽ እንደሚሻለው ልቤ ነግሮኛል። ግን እንደገና ከቶብሽ ሥር ሆኖ እንዳያየኝ ፈራሁ። አንቺ ጋ ከሚድን እኔ ጋ ይታመም ያልኩ እናት ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ይቅርታሽን ከሰጠሽኝ እግርሽን እስማለሁ። ካልሰጠሽኝም የሚገባኝ ነው። ልጠይቅሽ የፈለግኩት ሌላ ነው። እኔ እዩኤልን የማውቀው ታሞ ነው። ሲያለቅስ፣ ሲቀጥን፣ አቅፌው ሳድር አውቀዋለሁ። ደኅና እያለ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ግን አላውቅም። ሁለቱን ወር ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ምን ያስቀው ነበር? ከልጆችሽ ከማንኛው ጋር ይጣላ ነበር? ሲጠግብ ምን ይል ነበር? ዝናብ ሲዘንብ ይፈራ ነበር ወይስ ወጥቶ ይጨፍር ነበር? ጁምዓ፣ እሷ ስትነግርህ አንተ ጻፍልኝ። ትንሽም ብትሆን፣ የሆነች ያልሆነች ብትመስልህም አትተዋት። ኢዘዲን እስከ ማክሰኞ እዚያ ይቆያል።

ልጆችሽ ከጉያሽ አይለዩ። ቤትሽ ጤናና ጥጋብ አይጉደለው። አንቺ በምትጠሪው ስምም፣ እኔ በምጠራው ስምም፣ አምላክ ይጠብቅሽ።

ጎረቤትሽ የነበርኩት
ሸዋሉል