ወይዘሮ ባህሪያ የነቀሉት ዲስክ

ሔራንዬ፣

ከጅማ፣ ከሄርማታ ሰፈር ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ የሆነውን ሳልነግርሽ አላድርም።

የመጣሁት ለቡና ነጋዴዋ ለወይዘሮ ባህሪያ የፋይል ማስቀመጫ ላስመርጥ ነው፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ በኔትወርክ የሚጋሩትን። አንድ ውድ፣ አንድ ርካሽ ይዤ መጣሁ። አምና ኮምፒውተራቸው ሲቃጠል የሟች ባላቸው የቡና ቅምሻ መዝገብ ለጥቂት ነው የተረፈው። አዲስ አበባ ደንበኛው ሁሉ ፍጥነት ይጠይቀኛል፤ እሳቸው ግን "ሲበላሽ አሳዪኝ" አሉ።

ርካሹ ሁለት ዲስክ አለው፤ እያንዳንዱ ፋይል ሁለቱም ላይ ይጻፋል። ስካን የተደረገውን መዝገብ ጫንኩበትና "አንዱ ቢሞት ሌላው ይበቃል" አልኳቸው።

"ሜ፣ እስቲ እኔ ልግደለው" አሉ ኦሮምኛ ቀላቅለው፤ ከዚያም "ቢስሚላህ" ብለው አንዱን ዲስክ መዘው አወጡት። መሣሪያው ጮኸ። ደግነቱ የመዝገቡ ሌላ ቅጂ በፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። መዝገቡን በሦስቱም ኮምፒውተር ከፈትነው፤ የባላቸው የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ወጣ፦ "የጌራ ቡና፤ ጣፋጭ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል።" ደጋግመው አነበቡት።

"ውዱስ ምን ይጨምራል?"

"ፍጥነት። ለእርስዎ ሦስት ኮምፒውተር ግን ልዩነቱ አይታይም።"

"እንግዲያው መልሺው። ርካሹን ሁለት አድርጊልኝ፤ አንዱ አጋሮ ባለው መጋዘኔ ይቀመጥና መዝገቡ እዚያም ይኑር። ባሌ አጋሮን ይወድ ነበር።"

አለቃችን ውዱን ባለመሸጤ ቢያኮርፍም ትክክል ነኝ። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ፤ እናትሽን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳሚልኝ።

ናርዲ