ጌታውና የላቦራቶሪው ሰርቨር

ሰኞ፣ ጥር 6

ተራ ቀን። ጌታው ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ማዘዝ ጀመረ። ጌታው የምለው የታላቅ እህቴን፣ የእትዬን ባል ነው። እዚህ ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል ለምኜ ያስገባሁት እኔ፣ አለቃዬ እሱ። ለማን አቤት ይባላል?

የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደየክፍሉ የሚልከው ሰርቨር ላይ በጃቫ የተጻፈ አዲስ ፕሮግራም ጫን አለኝ።

"መጀመሪያ መሞከሪያው ኮምፒውተር ላይ እንየው..."

"አንተ መቼም ሰበብ አታጣም። ጫን ካልኩህ ጫን!"

አፈር ብላ እያልኩ ጫንኩ።

ማክሰኞ

ሰርቨሩ ይነሳል፣ አገልግሎቱ ይወድቃል። አስነሳዋለሁ፣ ይወድቃል። ነርሶች ውጤት በወረቀት እያመላለሱ ነው።

ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሯ "ማነው የጫነው?" አለች። ጌታው በአገጩ ወደ እኔ። ማን እንዳዘዘስ? ጭጭ።

ከሥራ ስወጣ እትዬ ደወለች። "በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ ከባሌ ጋር አትጋጭብኝ።" እኔ ነኝ የተጋጨሁት?

ረቡዕ

ጠዋት አገኘሁት። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የአንድ ላይብረሪ፣ የአንድ የኮድ ፋይል ሁለት ቅጂ! አዲሱ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ፣ አሮጌው ሰርቨሩ ውስጥ የቀረ። ጃቫ አሮጌውን ቀድሞ ያነሳል፣ አዲሱ ፕሮግራም የሚፈልገውን እዚያ ሲያጣ ይወድቃል። አሮጌውን ማውጣት፣ ማስነሳት... በቃ።

ግን ሳላስተካክለው እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሯ የክፍሉን ኃላፊ፣ ጌታውን ልታፋጥጠው ነው። ይንጨርጨር! ፊቱን ማየት አማረኝ።

ከምሳ በፊት ስልክ ጮኸ። የሕፃናት ክፍል ነርስ።

"ወንድሜ፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው? ውጤት ላመጣ ደረጃ ወርጄ ስመለስ የተኛው ልጅ ራሱን ስቶ አገኘሁት!"

ስልኩን ዘጋሁ። አሮጌውን አወጣሁ፣ ሰርቨሩን አስነሳሁ። ሠራ። ያን ያህል ቀላል ነበር...

ሐሙስ

ነርሷ ጋ ደወልኩ። ልጁ ነቅቷል። ተመስገን።

ጌታው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ትናንት ጠዋት።"

"እና አውቀህ ዝም አልክ?"

"አዎ።"

ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ተነስቶ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው።

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እሱ አስጠንቅቆኝ ነበር። ችግሩን እንዳገኘ ደግሞ ወዲያው ነው ያስተካከለው።"

ወዲያው? ዋሸልኝ...

ሲወጣ በጠረጴዛዬ በኩል አለፈ። አሁንም ዓይኑን አያሳየኝ እላለሁ። ግን ዛሬ አንገቴን የደፋሁት እኔ ነበርኩ።