ሁለት ሰዓት ከአምስት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ፀሐይ ወጣች። ከሰፈሬ ከፉሩሴት በባቡር፣ ከዚያ በእግር ሥራ ቦታዬ ኦከርን… እንደወትሮው። ቢሮ ስደርስ ግን በሩ ላይ ስድስት አዳዲስ ብስክሌቶች ተደርድረው ቆዩኝ። በባትሪ የሚሄዱ፣ ከኋላ ሣጥን ያላቸው። አለቃችን ኤሊ ደስታዋን መደበቅ አቅቷታል። ከዛሬ ጀምሮ ከምንረዳቸው ከአንዱ አዛውንት ቤት ወደ ሌላው የምንሄደው በብስክሌት ነው አለች። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ መዞር ቀረ።

«የማይችል አለ?» ብላ ጠየቀች።

የሥራ ጓደኛዬ ሠናይት በክንዷ ጎሸም አደረገችኝ። «እሷማ የባሕር ዳር ልጅ ናት! እዚያ ሰው ብስክሌት ነድቶ ነው እግር የሚተክለው» አለች። ሁሉም ሳቁ። ኤሊ ወደ እኔ ዞረች።

«ያ» አልኩ። በአማርኛ ቢሆን «አዎ» ማለት ሳይከብደኝ አይቀርም ነበር። የኖርዌጂኛው አዎ ግን አንዲት ፊደል ናት፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣች።

እውነቱማ… ወንድሞቼ በኪራይ ብስክሌት ሲማሩ እኔ በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። አባቴ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ አትወጣም ብለው ነበር። አርባ አራት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን ኮርቻ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ምን ነበር «አልችልም» ብል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

እየገፋሁት ዋልኩ። ሄልሜቴን አድርጌ፣ መሪውን ይዤ። ሰው ሲመጣ ጎንበስ ብዬ ጎማ የማይ እመስላለሁ። ሰው ሲያልፍ ደግሞ እገፋለሁ። እንዴት ይከብዳል! ትቼው እንዳልሄድ ጓንቱ፣ ፋሻው፣ መድኃኒቱ ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ሰባት ቤት ገባሁ፣ ሰባቱም ቤት ዘገየሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ሠናይት ዳገቱ ላይ አገኘችኝ። «ጎማሽ ተንፍሶ ነው?» አለች። «ያ» አልኩ። ወርዳ ልታይልኝ ስትል «ሂጂ፣ ትዘገያለሽ» ብዬ አባረርኳት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

እንዴት ብዬ ልጻፈው…

ፊሊፕ ጋ መድረስ የነበረብኝ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ትራም ነድተዋል። ብቻቸውን ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አነሣቸዋለሁ፣ ሽንት ቤት አደርሳቸዋለሁ፣ መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ። በኖርዌጂኛ «አንተ» ነው የምላቸው፣ ሁሉም እንደሚለው። እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን እጄ እምቢ ይላል።

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። በሩን በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ ስገባ መተላለፊያው ላይ ወድቀዋል። ሽንት ቤት በራሳቸው ሊሄዱ ተነሥተው። ፒጃማቸው ረጥቧል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነበር የሚያዩት፤ እኔን አይደለም።

አነሣኋቸው፣ አጠብኳቸው፣ ልብስ ቀየርኩላቸው። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ይዘው «ዘግይተሻል» አሉኝ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ዓይናቸውን እያየሁ!

ደግሞ ሰዓቱን አዩ። ከዚያ እኔን። እኔ በሥራ ስልኩ ላይ «ሁለት ሰዓት ከአምስት ደረስኩ፣ ወድቀው አገኘኋቸው፣ ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም። እሱ ነው የሚገርመኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ኤሊ ጠራችኝ። የፊሊፕ እጅ በወደቁበት ቀን ማታ አብጦ ልጃቸው ሐኪም ቤት ወስዳቸዋለች። አንጓቸው ተሰንጥቋል። አባትየው «ረዳቷ አርባ አምስት ደቂቃ ዘግይታ መጣች፣ መሬት ላይ ሆኜ ሰዓቱን ስቆጥር ነበር» ብለዋል።

«እኔ መዝገቡን አየሁ» አለች ኤሊ። «አምስት ደቂቃ ነው የዘገየሽው። ለልጅየዋ ነገርኳት። አይዞሽ፣ አንቺን የሚከስ የለም።»

አይዞሽ አለችኝ። አመሰገንኳት…

በሩ ላይ ስደርስ ጨመረችልኝ። ልጅየዋ ተጨንቃለች። አባቷ ባለፈው ክረምት ምድጃ ሳያጠፉ ተኝተው ነበር፤ አሁን ደግሞ ጊዜ እየተምታታባቸው ነው። ለምርመራ ሲከየም ይቆያሉ። ሲከየም ማለት ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው። የሚገባ ብዙ ነው፤ ሲወጣ ያየሁት ግን የለም።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ለንስሐ አባቴ ልደውል ስልኩን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ለእሳቸው መንገር ይቀለኛል። ስለሚቀለኝ ነው ያልደወልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

የአገሩ በዓል ነው። ሕፃናቱ ባንዲራ ይዘው በሰልፍ፣ አይስክሬም አገጫቸው ላይ እየወረደ። ሠናይት ከልጆቿ ጋር ይዛኝ ወጣች።

«ፊሊፕን አየኋቸው» አለችኝ። አንዳንድ ቀን ሲከየም ተጨማሪ ሥራ አላት። «ምስኪን። ሐኪሟ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። በትክክል መለሱላት። ቀኑንም፣ ወሩንም። ከዚያ ‹የወደቅህ ቀን ረዳቷ ስንት ሰዓት መጣች?› ስትላቸው ‹ለሦስት ሩብ ጉዳይ› አሉ። ልጃቸው አለቀሰች። ‹አባዬ፣ ተጽፏል እኮ!› ትላቸዋለች። ማክሰኞ ይወሰናል። በሩ የሚቆለፈው የመርሳት ሕመምተኞች ክፍል ሊያስገቧቸው ነው።»

«አርጅተዋል» አልኩ።

«እታገኝ… አሞሻል እንዴ?»

ሰልፉ ሲያልፍ ተለይቻት ወደ ቤት ሄድኩ። ሰው ንጹሕ አእምሮውን እኔ በጻፍኳት አንዲት መስመር ይነጠቅ? አሁን የራሳቸውን ዓይን ማመን አቁመው ቢሆንስ? መሬት ላይ ተኝተው ያዩትን ሰዓት መጠራጠር ጀምረው ቢሆንስ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የፊሊፕ ጉዳይ የሚወሰንበት ስብሰባ አራት ሰዓት ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኤሊ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልናገረው አውቄያለሁ።

«ፊሊፕ እውነት ነው ያሉት። የደረስኩት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። የጻፍኩት ውሸት ነው።»

ኤሊ ቡናዋን አስቀመጠች። «ለምን ዘገየሽ?»

«ብስክሌት አልችልም።»

መጀመሪያ የቋንቋ ችግር መስሏት ነበር። ደገምኩላት። ተነሥታ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እኔ ለሦስት ሳምንት እየገፋሁ የከረምኩት ብስክሌት እዚያው ቆሟል።

«በእግር የሚሠራ መስመር ነበረን» አለች ቀስ ብላ። «ብትነግሪኝ እሱን እሰጥሽ ነበር። በማግስቱ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ስልክ አነሣች። ሲከየም ደወለች፣ ለልጅየዋ ደወለች፣ ለበላይዋ ደወለች። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። አንድ ጊዜ ከተደገመ ከሥራ እሰናበታለሁ። ይገባኛል።

ስወጣ ሠናይት ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሰምታለች። ፊቷን ወደ ስልኳ መለሰች።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ፊሊፕ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሌላ ሰው ነው የሚሄድላቸው። እኔ የእግሩ መስመር ላይ ነኝ።

ሠናይት አሁንም በሰላምታ ብቻ ታልፈኛለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ዕርገት። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሠናይት ነጠላዋን እያጣፋች አጠገቤ መጣች።

«እኔንም ዋሽተሽኛል» አለች። «ስለ ጎማው።»

«አዎ።»

«ልይልሽ ብዬ ልወርድ ነበር እኮ! በዚያ ዳገት!»

«ይቅር በዪኝ።»

ጥቂት አብረን ከሄድን በኋላ «ሱሪ ለብሰሽ ፉሩሴት ገበያ ማዕከሉ ጀርባ ነይ። ዛሬ ዝግ ነው፣ ሰው የለም» አለችኝ።

የልጇን ብስክሌት ይዛ መጣች። ባትሪ የለው፣ ምን የለው። ኮርቻውን እግሬ መሬት እስኪነካ ዝቅ አደረገችው። ፔዳል እንዳልነካ ከለከለችኝ። በእግሬ እየገፋሁ ብቻ እንድንሸራተት፣ እንደ ሕፃን። ሁለቴ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። አንድ ባልና ሚስት ውሻ ይዘው ቆመው አዩኝ። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«መሬቱን አትዪ!» ትጮኻለች ሠናይት። «የምትሄጅበትን እዪ!»

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እግሮቼ አየር ላይ ሆነው እስከ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። ፍሬን መያዝ ረስቼ አጥሩ ነው ያቆመኝ። ሠናይት በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ስትስቅልኝ ዛሬ ገና ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

የፊሊፕ ረዳት ታመመች። ኤሊ ማለዳ ደወለችልኝ። «ካንቺ በቀር ሰው የለኝም። ጠየቅኋቸው፤ ትምጣ ብለዋል። ትችያለሽ?» የእውነት ጠየቀችኝ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ከሠናይት ጋር ተለማምጃለሁ፤ የእውነት «እችላለሁ» አልኳት። ዋናውን መንገድ ትቼ፣ በጎን ባለው የብስክሌት መንገድ፣ ሁሉም እያለፈኝ ነዳሁ። የሕፃናት ጋሪ የምትገፋ ሴት ብቻ ነው የቀደምኩት።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ፣ በመደገፊያቸው ቆመው። እጃቸው ላይ ያለው ፋሻ ወልቋል። መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው፣ ካልሲያቸውን አጠለቅኩላቸው። ተንበርክኬ ሳለሁ ከላይ «አልተምታታብኝም ነበር» አሉ።

«አልተምታታብህም።» ዛሬስ «አንተ» ማለት እንዴት ከበደኝ።

«ለልጄ ንገሪያት።»

«ቢሮው ደብዳቤ ጽፎላታል…»

«አንብቤዋለሁ። ‹የምዝገባ ስህተት› ይላል። ስህተት ነበር?»

«ኔይ፣ አይደለም» አልኩ። «ውሸት ነበር።»

ስልካቸውን አቀበሉኝ፤ እየጠራ ነበር። ልጃቸው አነሣች። ኖርዌጂኛዬ ተሰባበረ። ግን ሁሉንም ነገርኳት፤ መተላለፊያውን፣ የረጠበውን ፒጃማ፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ያልኳቸውን። እየሰሙኝ ነው አባትየው።

«ሰዓት በጣቴ እያሳየሁ ፈተንኩት» አለች ልጅየዋ። «አባቴን። እንደ ሕፃን።» ከዚያ «አቅርቢልኝ» አለችኝ።

ስልኩን ሰጥቻቸው፣ እንዳልሰማ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ቦርሳዬን ልወስድ ስመለስ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ነገ ሌላ ሰው ይምጣ» አሉ።

«እሺ።»

«ከነገ ወዲያም።»

«እሺ» አልኩ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

የሚቀጥሉት ሴትዮ እየጠበቁኝ ነበር። ብስክሌቱን ፈታሁ፣ ወጣሁበት፣ ነዳሁ። እንባዬ ወረደ። አንድ እጄን ለቅቄ መንዳት ገና አልቻልኩም፤ ሳልጠርገው፣ ፊት ፊቴን እያየሁ ሄድኩ።