የብረቱ በር ይነዝራል

ሰኞ

ዛሬም ነዘረኝ! የሳሎኑን የብረት በር ስከፍት ክንዴ እስከ ትከሻዬ ጭርር አለ። ኤል ኢ ዲ አምፖሉ ደግሞ ካጠፋሁት በኋላም ብልጭ ድርግም ይላል። የቤቱን ሽቦ የዘረጋው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሱልጣን ነው። ስደውልለት ሳቀ። «ሰዓዳ፣ አታካብጂ። አምፖሉ ነው፣ ቀይሪው» አለኝ።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ «ለአረፋ ስመጣ አየዋለሁ» ይላል። ልጄ ሐናን ደግሞ ያገኘችውን ይዛ መቆም ጀምራለች። በሩን ብትይዝስ?

ማክሰኞ

ከቡታጅራ ገበያ ሁለት አምፖል ገዛሁ። ሁለቱም ያው ናቸው። ሱልጣን መጣ፤ በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ይኸው፣ ምንም የለም» አለ። ወፍራም የጎማ ጫማ አድርጎ! ጎረቤታችንም እንደዚሁ። ከነጫማቸው ገብተው፣ ከነጫማቸው ፈርደውብኝ ወጡ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሬ የምቆመው እኔ ነኛ!

ሐናንን ቀኑን ሙሉ አዝያት ዋልኩ። ወገቤ!

ረቡዕ

ዝናቡ ሲበረታ ንዝረቱም ባሰ። ሱልጣንን አስጠራሁት።

«ጫማህን አውልቅና ንካው» አልኩት።

እያጉረመረመ አወለቀ። በጣቱ ጀርባ ነካ አደረገው። «ወላሂ!» ብሎ ዘለለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ኮረንቲ ሲነካ የሚበራውን ቴስተር ይዞ የጭቃ ግድግዳውን ሲፈትሽ ከበሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ በራ። የተሰቀለበትን የሸክላ ጣባ አወረደ፤ ብሬከሩን አጥፍቶ ሚስማሩን ነቀለ። ሽቦውን ወግቶት ኖሯል። የረጠበው ጭቃ ኮረንቲውን እስከ በሩ አድርሶታል።

«ማነው የመታው?»

ጣባውን አንስቼ መወልወል ጀመርኩ። እኔ ነኝ። አማቴ የሰጡኝን ጣባ ለአረፋ ሲመጡ ተሰቅሎ እንዲያዩት ብዬ፣ ባለፈው ሳምንት። ግን እሱንስ ሽቦ ያለ ቱቦ ጭቃ ውስጥ ቅበር ያለው ማነው? ይሄን ጮክ ብዬ ነገርኩት። የራሴን ዋጥኩ።

ሐሙስ

ሱልጣን ሳልጠራው ማልዶ መጣ። አዲስ ሽቦ በቱቦ አድርጎ ከግድግዳው ውጭ ዘረጋ። ሲጨርስ ጫማውን ራሱ አውልቆ በሩን ነካ። ምንም። አምፖሉም ሲያጠፉት ጠፋ።

ሐናንን አወረድኳት። በቀጥታ ወደ በሩ ዳኸች። እኔም በባዶ እግሬ ሮጬ በሩን ቀድሜ ያዝኩ፤ ከነዘረም መጀመሪያ እኔን ይንዘረኝ ብዬ። ልጄ ይዛው ቆመች። ሳቀች።

«ሚስማሩን እኔ ነኝ የመታሁት» አልኩት፤ አመለጠኝ።

«አውቃለሁ» አለ ጫማውን እያሰረ። «ቱቦውን የተውኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጣባው ጠረጴዛ ላይ ነው። አማቴ ከተቀየሙ ይቀየሙ፤ እኔ ግድግዳ ላይ ሚስማር አልመታም።