ሕሊና መርዶሽን የሰማችበት ወደብ

ለባለቤቴ ለአስካለ፤

ከተለየሽኝ ስምንተኛው ወር ተያዘ። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ ያለሽበትን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው እሑድም ዳገቱን ወጥቼ እንጦጦ ማርያም መቃብርሽ ጋ ቆሜ ነበር። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ሲወጣ ይነጫነጫል፣ ሲወርድ ይብስበታል። እዚያ ቆሜ ያልጨረስኩትን በጽሑፍ ልንገርሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እዚህ ሠፈራችን ሲግናል መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ። ጌሾሽን ከነሥሩ ነቅለን ከኩሽናው ጀርባ ተከልነው፤ ይዟል። በርበሬ የምገዛው አሁን እኔው ነኝ፣ ሾላ ገበያ ወርጄ። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው ይፈካል፤ አንቺን ሲያዩ ግን እንዲያ አይሆኑም ነበር። ወጥ መሥራት ለምጃለሁ ብልሽ ስለማታምኚኝ እሱን እተወዋለሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ግን የሕሊና ነገር ነው። አንቺ ስታርፊ ልጃችን በዚያ በምትሠራበት የቱሪስት መርከብ ላይ፣ ባሕር መሐል ነበረች። ቀብርሽ ያለ እሷ አለፈ። ከቀብር መልስ መርዶውን ማን ይንገራት ተባለ። በሠፈራችን መርዶ ሲኖር የሚጠራው ሰው አንቺ ነበርሽ። የዘወትር ልብስሽን ለብሰሽ፣ ነጠላሽን እንደወትሮው ጣል አድርገሽ ትሄጂያለሽ። ሰውየውን ታስቀምጪዋለሽ፣ ሁለት ሦስት ነገር ታጫውቺዋለሽ፣ ጎኑ ትጠጊያለሽ፣ ከዚያ ነው የምትናገሪው። አሁን ሟቿ አንቺ ሆንሽና ድንኳን ውስጥ ተፋጠን ቀረን።

አንዱ በስልክ ይነገራት አለ፤ ሌላው የመርከቡ አለቃ ይንገራት አለ። ሁለቱንም ተቆጣኋቸው። ልጄ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ ብቻዋን እናትሽ ሞታለች አትባልም። እሷ ደግሞ ወደብ በደረሰች ቁጥር ትደውላለች፤ እማዬን አቅርብልኝ ትላለች። ፀበል ገብታለች፣ እንጦጦ ናት፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም አልኳት። እንጦጦ መሆንሽ እንኳ እውነት ነው። ግን በደወለች ቁጥር ቶሎ ወሬ እቀይር ነበር። ድሮም ውሸት አይሆንልኝም፤ አንቺ ሁሌ ትነቂብኝ ነበር።

መላውን ያመጡት ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። የእህታቸው ልጅ ሰብለ ግላስጎው ትኖራለች። መርከቡ ደግሞ በዚያው በስኮትላንድ አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ላይ ለአንድ ቀን ይቆማል። ሰብለ ሕሊናን አታውቃትም፣ አንቺንም አይታሽ አታውቅም። ሆኖም ሁለት ጓደኞቿን ይዤ እሄዳለሁ፣ ልጅቷ ብቻዋን አትሰማም ብላ ቃል ገባች። ወደቡ ትንሽ ስለሆነ መርከቡ ከውጭ ይቆምና ሰው በጀልባ ነው የሚወርደው፤ ባሕሩ ከተቆጣ ሳይቆም ያልፋል አሉን። ያን ሳምንት የስኮትላንድን ንፋስ በስልኬ ስከታተል ሰነበትኩ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ እንኳ ይጨንቀኝ ነበር።

ንፋሱ ተኛ፣ መርከቡም ቆመ። የሆነውን ሁሉ በኋላ ሰብለና ሕሊና ነግረውኛል። እንግዳ ለመቀበል የአገሬው አዛውንቶች ወደቡ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ቆመዋል፤ ቀሚስ የለበሰ ሰውዬ ከረጢት ታቅፎ ዋሽንት የመሰለ ነገር ይነፋል። ሰብለና ጓደኞቿም ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎናቸው ተደርድረዋል። ለአንቺ ክብር ብለው ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን አስኩዬ፣ አበሻ በሌለበት ከተማ ሦስት ሴቶች እንዲያ ሆነው ከቆሙ ምን የሚነገር ነገር ይቀራል?

መርከቡ ላይ ከሕሊና ሌላ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ናሆም የሚባል፣ ወጥ ቤት የሚሠራ የሐዋሳ ልጅ። ከጀልባው ቀድሞ የወረደው እሱ ነው። እናቱ ታማበት ስለነበር ሴቶቹን ሲያይ ለእኔ መጡ አለ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ድንጋዩ ላይ ወድቆ እናቴን እያለ ይጮህ ጀመር። ሕሊና ከኋላው ሮጣ አቀፈችው፤ አይዞህ እያለች አብራው አለቀሰች። ለማታውቃት ሴት ከልቧ አለቀሰች፤ በዚህስ አንቺን ወጥታለች። ሰብለ ግራ ገባት። እውነቱን ብትናገር አንዱን አንስታ ሌላዋን ልትጥል ነው፤ ዝም ብትል ልጁን መግደል ነው። በመጨረሻ ትከሻውን ይዛ ያንተ እናት አይደለችም አለችው።

ሕሊና ያኔ ቀና አለች። ሦስቱንም ሴቶች አየቻቸው። ናሆምን ለቀቀችውና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሚነግራት ሰው አላስፈለገም። ናሆም እንባው ሳይደርቅ ዞሮ እሷን አቀፋት። የሚነፋው ሰውዬ መንፋቱን አቆመ። አንዲት የአገሬው አሮጊት ወንበሮች እየጎተተች አምጥታ ደረደረችና ምንም ሳትጠይቅ አብራቸው ተቀመጠች። ልቅሶ ቤት ሆነ ብላኛለች ሰብለ።

እኔ ቤት ሆኜ ስልኩን እጠብቃለሁ። ጎረቤቶቹ አብረንህ እንቀመጥ ቢሉኝ እምቢ ብዬ መልሻቸዋለሁ። ለምን ደበቅከኝ ትለኛለች ብዬ መልሴን አሰናድቼ ነበር። ስትደውል ግን እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ አጠገብህ ማን አለ?»

ለልጄ መዋሸት ሰልችቶኛል። ማንም የለም አልኳት።

«በል ስልኩን እንዳትዘጋው።»

አልዘጋሁትም። ጀልባው እስኪጠራቸው ድረስ እሷ እዚያ እኔ እዚህ አለቀስን። ቀብርሽ ላይ ሰው ደግፎኝ ያልወጣልኝ ልቅሶ ያን ቀን ወጣልኝ።

ሥራዋን ጥላ መምጣት ስላልቻለች ለሙት ዓመትሽ ትደርሳለች። እስከዚያ ከየወደቡ ስትደውል ስለ እማዬ አንድ የማላውቀው ነገር ንገረኝ ትላለች። ባለፈው ስትደውል፣ የተጋባን ሰሞን ሽሮውን አሳርረሽ በእኔ ያላከክሽውን ነገርኳት፤ ሳቀች። ገና ብዙ አለኝ። ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ሲያልቅብኝም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ያንቺው
ታደሰ