ድርጭት በሻምፑ አይታጠብም

ዊብረን፣

ወደ ሃርሊንገን የሚሻገረው ጀልባ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ።

ትናንት ድርጭቶቹን በሻምፑ አጥበህ ወደ ጥሩምባ ልምምድህ ሄድክ። አቧራ ላይ ሲንከባለሉ አይተህ አዝነህላቸው እንደሆነ ይገባኛል። ድርጭት ግን ገላዋን የምትታጠበው በአቧራ ነው፤ ቅማሏን የሚያራግፍላትም እሱ ነው።

ስገባ አራቱም ማጠቢያው ውስጥ ተኮራምተው ይንቀጠቀጣሉ። ምድጃ ላቀጣጥል ብል ማገዶ የለም።
የመፍለጡ ተራ የማን እንደነበር አልናገርም።

ሦስቱ ደርቀው ጥሬ እየለቀሙ ነው። ትንሿ ገና አልተነቃቃችም፤ ምድጃው አጠገብ፣ ኮፍያህ ውስጥ ናት። ኮፍያውን ብትፈልገውም ተወው።

ከሰዓት በኋላ ለሦስቱ በሰፊው ሣጥን ደረቅ አሸዋ አድርግላቸውና ባልዲው ውስጥ ያለውን አመድ ቀላቅልበት። ጠብታ ውሃ እንዳይነካው። ቀለም የነካው እንጨት አመድ ይመርዛቸዋል፤ ይሄኛው ግን ንጹህ ስለሆነ አትስጋ።

አመዱ ለእናትህ የሠራኸው አግዳሚ ወንበር ነው። ለእሷ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

በየፋሲካው «ዘንድሮ ቀለም እቀባዋለሁ» ትል ነበር።
እንኳንም አልቀባኸው።

ሹክያ